ከመቶ ኪሎ በታች

በእኛ ሰፈር ፍቅር ስንት ይመዝናል ብትሉኝ፣ መቶ ስድስት ኪሎ እላችኋለሁ። ካላመናችሁኝ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለውን ሚዛን ጠይቁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ይወጣበታል፤ ቀስቱ ይንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥና መቶ ስድስት ላይ ይቆማል፤ ሰውየውም ወርዶ ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል። እኔ የደም ግፊት ክኒኔን የምገዛው ቅዳሜ ስለሆነ ሁሉን አይቻለሁ። ቀኑን የመረጥኩት ለክኒኑ ብቻ ነው ብዬ ግን አልዋሻችሁም።

ይህን ሰው ገና ላልተዋወቃችሁት ላስተዋውቃችሁ። ሰፈሩ «ደቂቃ» ይለዋል። ሰዓታችሁን ሰጥታችሁት «መቼ ይደርሳል?» ስትሉት መልሱ ሁልጊዜ «አንድ ደቂቃ» ስለሆነ ነው። ያቺ ደቂቃ ሳምንት ልትሆን ትችላለች። በር የሚሞላ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ግን፣ አቤት! ጸጉር የምታክል ሞላ በወረንጦ አንስቶ ቦታዋ ላይ ሲያስቀምጣት፣ ያ ሁሉ ሰውነት ለአንዲት ሞላ ሲል ትንፋሹን ይዞ ጸጥ ሲል ያየ ሰው፣ ልብስ ሰፊዋ ምን አይታ ወደደችው ብሎ አይጠይቅም።

ልብስ ሰፊዋ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር አንዲት ጠባብ ሱቅ አላት። ከእናቷ ጋር የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ዝምተኛ ናት፤ ከአፏ ይልቅ በመርፌዋ ነው የምታወራው። ልጅ የምላት ከእኔ ስለምታንስ እንጂ ሠላሳን ካለፈች ሰንብታለች። ለደቂቃ የሚሆን ልክ ከሱቅ ስለማይገኝ ልብሱ በሙሉ የሚሰፋው በእሷ እጅ ነው። ቀበቶ እንኳ አይታጠቅም፤ ሲቀመጥ ሆዱን ይቆርጠዋል። የተዋወቁትም እንዲሁ ነው፤ ወገቡን ልትለካ ሜትሯን ይዛ እንደ ሐውልት ስትዞረው፣ እሱ «መንገድ ከጠፋብሽ ንገሪኝ» ብሏት። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ እኔ ቤት ድረስ ተሰምቷል።

አስቸጋሪዋ እናት ናቸው። አስቸጋሪ ስላቸው ደግሞ ክፉ እንዳይመስሏችሁ። ደቂቃ ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ ቤታቸው ሲመጣ እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ባልጠራም አልቀርም ነበር። እሱ ደረጃውን ወጥቶ ሲገባ እያለከለከ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። እናቲቱ እስኪረጋጋ ድረስ ጠበቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣

«አባቷም እንዳንተ ግዙፍ ነበር» አሉት። «እንዳንተም ጨዋታ ያውቃል። አሁን አንተ የወጣህባት ደረጃ ላይ፣ ቤቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ልቡ ከዳው። ልጄ፣ ሰውነትህን ጠልቼ አይደለም። ግን እኔ አንዴ ቀብሬአለሁ፤ ልጄን ለመበለትነት አልድርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማማ?»

«ቀንስ። ሚዛኑ ከመቶ በታች ሲል ተመልሰህ ና።»

እሱም «እሺ» ብሎ ተነሳ። ልጅቷ በሩ ድረስ ሸኘችው። እኔ ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው፤ እጀታውን ጨብጣ፣ የእግሩ ኮቴ ከታች እስኪጠፋ ድረስ አልዘጋችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደቂቃ ሌላ ሰው ሆነ። አውቶቡስ ተወ፤ በሕንፃችን በኩል አድርጎ የሰዓት ሱቁ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ፊቱን እያየሁ እኔ ነኝ የምጎመዝዘው። ቀትር ላይ ሌላው ዳቦውን ሲገምጥ እሱ ካሮቱን እንደ ጥንቸል ይቆረጥማል። መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ እሺ አለው፤ ከመቶ አሥራ ሁለት ተነስቶ እየወረደ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ቅዳሜ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ስታንጎራጉር እሰማት ነበር። ከዚያ ቀስቱ መቶ ስድስት ላይ ሲደርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰውየው የባሰ ሄደ፣ የባሰ ራበው፤ ቀስቱ አልሰማም። እንጉርጉሮውም ቀረ።

ያለፈው ቅዳሜ ግን እንደሌላው ቅዳሜ አልነበረም። ጫማውን አወለቀ። ኮቱን አወለቀ። ከኪሱ ቁልፉን፣ ሳንቲሙንና ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። የእጅ ሰዓቱንም ፈታ።

«ጥርስህ ቀረ» አለችው ባለመድኃኒቷ።

አልሳቀም። ሚዛኑ ላይ ወጣ። ቀስቱ መቶ አምስትን ሲነካ ልቤ ተንጠለጠለች። ከዚያ እንደለመደው አለፈና መቶ ስድስት ላይ አረፈ።

«ይሄ ሚዛን ተበላሽቶ እንዳይሆን» አልኩ እኔ፣ ነገሩን ለማለዘብ።

«እርስዎ ይውጡበትና እንፈትነው» አለችኝ። አፌን ዘጋሁ።

ደቂቃ ከሚዛኑ ሳይወርድ ወደ ባለመድኃኒቷ ዞረ። «እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሰው ምግቡን በግማሽ ቀንሶ፣ በእግሩ እየኳተነ፣ እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ይሆናል» አለችው፤ አሁን ቀልዷን ትታለች። «ሰውነት ውሃ ይይዛል። ስብ ሲሄድ ሥጋህ ይጠነክራል፤ እሱም ይከብዳል። ሚዛን ይህን ሁሉ አይለይም፤ ደምሮ ነው የሚናገረው። ይሄን ያህል ከመጣህ ትንሽ ታገስ።»

«ታገስ» አለ፤ ቃሏን ሳይውጣት አፉ ውስጥ ያዛት። «ሰዓት ቢሆን እኮ ከፍቼ አየው ነበር። ምኑ እንደቆመ አውቅ ነበር። ይሄን ግን በምን ልክፈተው?»

ወርዶ ጫማውን አጠለቀና ጎንበስ ብሎ ክሩን ማሰር ጀመረ። ክር ማሰር ያን ያህል አይፈጅም፤ እሱ ግን እንዳጎነበሰ ቆየ። ያን ሰፊ ጀርባ ሳየው ክኒኔን ሳልገዛ ወጣሁ።

*

ከመድኃኒት ቤት የሄድኩት በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ነው። የጠበበኝን ቀሚሴን ላሰፋ ነበር። ሳቁብኝ ግድ የለም፤ ሰው የተሰጠውን አካል ይዞ ነው የሚያረጀው። መስታወቱ ፊት ያለችው በርጩማ ላይ አቁማኝ፣ ጎንና ጎኔን ተርትራ፣ ዙሪያዬን በመርፌ ሰክታኝ ሳለ በሩ ተከፈተ። ደቂቃ ክንዱ ላይ ሱሪ አጥፎ ይዞ ገባ። ሁለት የሥራ ሱሪ ነው ያለው፤ አንዱን ለብሶ አንዱን ለካውያ ቅዳሜ ቅዳሜ ይተውላታል።

በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። እሷ ምንም አልጠየቀችም፤ ዓይኗ ግን ጠየቀ። እሱም ዓይኑን ወደ መሬት ሲሰብር መለሰላት።

«ያው ነው» አለ።

«ይሁና» አለች፣ በከንፈሮቿ መርፌ እንደያዘች።

«ያው ነው እኮ ነው የምልሽ እመቤት።»

እመቤት ነው የሚላት። ሌላ ጊዜ ሲላት ሳቅ ይኖረው ነበር።

«ሰማሁ እኮ። ሱሪውን እዚያ አድርገው።»

አላደረገውም። ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ትንሽ ይውጡልን ልል ነበር፤ ግን እንዲህ ተሰክተው የት ይሄዳሉ» አለ።

«አይዞህ፣ እንደ ግድግዳ ቁጠረኝ።»

«ግድግዳም ጆሮ አለው ይባላል» አለና ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከዚያ ለእሷ፣ «የመጣሁት ልነግርሽ ነው። ልተውሽ ነው።»

መርፌዎቹን ከከንፈሮቿ አንድ በአንድ አውጥታ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። አልቸኮለችም። እጇ ግን የመጨረሻዋን መርፌ ስትሰካ ሳተች።

«ምን አልክ?»

«እናትሽ ልክ ናቸው። እኔ እዚያ ሚዛን ላይ ቆሜ አንቺ እዚህ ልታረጂ አይገባም። ረሃቡን ችዬዋለሁ፤ ሙች፣ ችዬዋለሁ። መንገዱንም ለምጄዋለሁ። ያልቻልኩት በየቅዳሜው እዚህ በር ላይ ቆሜ ያንን ፊትሽን ማየት ነው። ምንም ሳይመጣ ለሚቀጥለው፣ ምንም ሳይመጣ ለሚቀጥለው። ደከመኝ። ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ደረጃ የሚወጣ፣ ቀለል ያለ።»

«ቀለል ያለ» አለች፤ እንዳልገባት ሁሉ።

እኔ ግድግዳ ልሁን ብዬ የገባሁትን ቃል የረሳሁት እዚህ ላይ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ አእምሮህን ነው የጣልከው? ምንም ሳይመጣ ትላለህ? እዚሁ ቁጭ ብዬ ይቺ ልጅ የሱሪህን ወገብ ስንት ጊዜ ስታጠብብልህ አይቻለሁ!»

ካውያው ብቻ እስስ ይላል።

«ምን ስታደርግ?» አለ ደቂቃ።

ልብስ ሰፊዋን አየኋት። ፊቷ ደም መሰለ። በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ፤ ሰውየው አያውቅም። ያ ሁሉ የመርፌ ሥራ፣ እሱ እያወቀ የሚደረግ ነበር የሚመስለኝ።

«ንገሪኝ» አላት።

«ለካውያ በተውክልኝ ቁጥር» አለች፣ መኪናዋን እያየች፣ «ወገቡ ላላ ብሎ አየዋለሁ። ትንሽ ነው፤ የጣት ውፍረት። አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ልብስ ላላ ብሎ ሳይ እጄ አይችልም። ወገቡን አጠብበዋለሁ።»

«በየቅዳሜው?»

«በየቅዳሜው ሳይሆን… አዎ። በየቅዳሜው።»

«እኔ እኮ» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ጠዋት ሱሪዬን ስለብስ ልክ ነው። ዛሬም ልክ፣ ያኔም ልክ። ሚዛኑ አይወርድም፤ ሱሪውም አይላላም። በሁለት ምስክር ነው የተፈረደብኝ። አንዷ ምስክር አንቺ ነበርሽ?»

«እንደምታውቅ ነበር የማስበው! የገዛ ወገብህ አይደለም እንዴ? የማታነሳው አፍረህ መሰለኝ። እማዬ ከመስኮት ስታይህ የተዝረከረክ እንዳትመስላት ነበር የምፈልገው። አማረብህ እንድትል ነበር።»

ደቂቃ ክንዱ ላይ የነበረውን ሱሪ ገለበጠው። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሰዓት ከፍቶ እንደሚያይ፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ጣቶቹ ስፌቱን ተከትለው ሄዱ። አንድ ስፌት። ከሥሩ ሌላ ስፌት። ከዚያም ሥር ሌላ። መጽሐፍ የሚያህል ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ታጥፏል።

«አልቆረጥሽውም» አለ ቀስ ብሎ።

እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አየች።

«የጠበበ ልብስ ትርፉ ይቆረጣል። ለሰው ሁሉ ስትቆርጪ አይቻለሁ። የኔን አስቀምጠሽዋል። ተመልሶ ይወፍራል ብለሽ ነው? አንቺም አላመንሽኝም ማለት ነው?»

ቃሉ የት እንደመታት አየሁ። ያቺ በመርፌ የምታወራ ልጅ ተነስታ ቆመች፤ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አዎ አላመንኩም! ምን ላድርግ? መርፌ መያዝ የተማርኩት በአባቴ ሱሪ ነው፣ ታውቃለህ? በየዓመቱ አሰፋለት ነበር። ‹ትንሽ ለቀቅ አድርጊልኝ የኔ ልጅ› ይለኝና ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ለቀቅ፣ ለቀቅ፣ ለቀቅ። ጨርቁ ሲያልቅብኝ ከሌላ ጨርቅ ቀጠልኩለት። ከሞተ በኋላ ሱሪውን ሳጥፍ ያ ቅጥል ጨርቅ እጄ ላይ መጣ። እኔ ነኝ የሰፋሁት። ለሚወዱት ሰው ልብስ ማጥበብ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ባንተ ነው። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ሳጠብበው እዚሁ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ከደስታ። ብታውቅም እንኳ ላነሳው ፈራሁ። ከአፌ ከወጣ የሚቆም መሰለኝ። መቀሱን ባነሳሁት ቁጥር እጄ ከዳኝ።»

ሱሪው ከእጁ ወደቀ። እሱም አላነሳው፤ እሷም አላነሳችው።

በመጨረሻ እሱ፣ «እመቤት» አለ፤ ንዴቱ ሁሉ ወጥቶለት፣ ድካሙ ብቻ ቀርቶ። «ቁጥሩ ግን ያው ነው። ለእናትሽ ሱሪ ይዤ አልሄድ።»

«ለምን አትሄድም?»

ሁላችንም ዞርን። እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው የሽንኩርት ከረጢት፣ በሌላው መቃኑን ይዘው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እግዜር ይወቅ። ዓይናቸው ግን ደቂቃ ላይ አልነበረም፤ ልጃቸው ላይ ነበር።

«ቅጥል ጨርቅ እንዳለው አልነገርሽኝም» አሏት።

«እማዬ…»

«ያን ሱሪ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እኔም ቅጥሉን አይቼው አላውቅም።» ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። «ነይ። የለበሰውን ተርትሪው። ልየው።»

«አሁን? እዚህ?»

«የት ሊሆን ነው? ወገቡን ብቻ ነው ያልኩሽ። እሷም አታፍርም» አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

«ኧረ እኔ ምን አፍራለሁ» አልኩ።

ልብስ ሰፊዋ መተርተሪያዋን ይዛ ጎኑ ተንበረከከች። አንዱን ስፌት ፈታች፤ ጨርቁ ተነፈሰ። ሁለተኛውን ፈታች። ወደ ሌላው ጎኑ ዞረች። ክሩ ሲበጠስ ጠስ ጠስ ይላል። የመጨረሻው ሲለቅ ወገቡ ተንሸራተተና ደቂቃ ደንግጦ በእጁ ያዘው። በሆዱና በጨርቁ መካከል ክፍት ቦታ አለ። እሷ ጡጫዋን አስገባች፤ ገባ። እናቷ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጡጫ ከጎኗ አስገቡ፤ እሱም ገባ።

ደቂቃ አንገቱን ደፍቶ ወደዚያ ክፍት ቦታ ያያል። በሕይወቴ ሰው ባዶ ነገር እንዲህ ሲያይ አይቼ አላውቅም።

«ይሄ ሁሉ…» አለና አልጨረሰውም።

እናቲቱ እጃቸውን አወጡ። «መቶ ያልኩህ» አሉ፣ «ሌላ ቁጥር ስላላወቅኩ ነው። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። አባቷን ስለምነው ነበር፤ ትንሽ ቀንስ፣ ለኔ ብለህ እያልኩ። ‹ነገ› ይለኛል። ስቆ ‹ነገ›። አንድ ቀን እንኳ አልሞከረልኝም። አንተን በመስኮት አይሃለሁ፤ በዝናብ ስትሄድ፣ በፀሐይ ስትሄድ። ይሄ ቅዳሜ ነው የሚተወው፣ ይሄ ቅዳሜ ነው የሚተወው እላለሁ። ዛሬ ደግሞ ልትተወው መጣህ።»

«ደክሞኝ ነው እማማ» አለ። የተናገረው እንደ ትልቅ ሰው አልነበረም። «ቢታይ እኮ አይደክመኝም ነበር። አልታይ ሲል ነው የደከመኝ።»

«ይድከምህ። ማን አይድከምህ አለ? እኔም ደክሞኛል። እሷም ደክሟታል። ደክሞህ ቁጭ በል እንጂ ደክሞህ አትሂድብን።»

«አትሂድብን» ነው ያሉት። እሳቸው ራሳቸው የሰሙት ከተናገሩት በኋላ ይመስለኛል፤ ፊታቸውን ወደ ክሩ መደርደሪያ አዞሩ።

ደቂቃ መስታወቱ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ። ልብስ ሰፊዋ ከወለሉ ተነስታ ከጎኑ ተቀመጠች። እናቷ እዚያው ቆመው ሳለ፣ እስከ ዛሬ በእሳቸው ፊት እጁን እንኳ ነክታው የማታውቀው ልጅ፣ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። እናቷ አዩ። አንድ ነጭ ክር አነሱና ሌላ ቦታ አስቀመጡት። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ከሩቅ ተሸክሞ የመጣውን ገና አሁን ማውረድ እንደጀመረ ሰው።